ከትምህርት ቤት የመጣው ደብዳቤ

እህቴ፣ ከልጅሽ ትምህርት ቤት ስለ ወሲብ ትምህርት ደብዳቤ እንደደረሰሽና ባለቤትሽም «አስወጣዋለሁ» እንዳለ የጻፍሽውን አነበብኩት። እኔም ካቻምና ያው ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። ጥፋቴ ያስተረጎምኩት ራሱን ልጄን መሆኑ ነው። የ10 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ለእናቱ ምን ብሎ ይተርጉመው? «ስለ ቤተሰብ ነው» አለኝና ወረቀቱን ጥሎ ሄደ። በኋላ ጎረቤቴ «የወሲብ ትምህርት» ብላ ስታነብልኝ ደሜ ፈላ።

ያስደነገጠኝ ቃሉ ነው። እኛ ጋ ወሲብ ሲባል የሚታየን ድርጊቱ ብቻ ነው። ሄጄ የሚያስተምሩበትን አሳዩኝ ስላቸው (ጠይቂ፣ ማሳየት አለባቸው) አብዛኛው ስለ ጓደኝነት፣ ኢንተርኔት ላይ ስለሚያጋጥም የማይታወቅ ሰው፣ ደግሞም አንድ ሰው ያለ አግባብ ቢነካህ ለማን ትናገራለህ የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር ይሄን እኔ አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም።

ባለቤትሽ «አስወጣዋለሁ» ያለው ላይ ግን ከየትኛው እንደሆነ ይለይ። እዚህ እንግሊዝ ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ የግንኙነት ትምህርት (ስለ ቤተሰብና ጓደኝነት የሚማሩበት ማለት ነው) በአንደኛ ደረጃም ግዴታ ነው፣ ከሱ ማስቀረት አይቻልም። ስለ ጉርምስናና የወር አበባ የሚማሩበት የጤና ትምህርትም፣ ሳይንስ ውስጥ ያለውም እንደዚያው። ማስቀረት የሚቻለው የወሲብ ትምህርት የተባለውን ብቻ ነው። አንደኛ ደረጃ ላይ ከጠየቃችሁ ርዕሰ መምህሩ ይፈቅዳል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ መጀመሪያ ያነጋግሯችኋል፣ ልጁ 16 ሊሞላው ሦስት ተርም (አንድ የትምህርት ዓመት ያህል) ሲቀረው ደግሞ እማራለሁ ካለ ውሳኔው የራሱ ነው። ዌልስ ያላችሁ ደግሞ ሕጋችሁ ሌላ ነው፣ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ማስቀረት የሚባል ነገር የለም።

እኔ አላስቀረሁትም። ባስቀረውም ክፍል የገቡት ልጆች እረፍት ሰዓት ላይ ይነግሩታል፣ ያውም ጨማምረው። ከዚያ ይልቅ የትኛው ትምህርት በየትኛው ሳምንት እንደሆነ ጠየቅኩና በዋዜማው እኔው ቀደምኩት። አፌ ተሳስሮ ነበር፣ እሱም ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ነው የሰማኝ። ቢሆንም አሁን ጥያቄ ሲኖረው ይመጣል።

ሌላው የሚያናድደኝ፣ ትምህርት ቤቶቹ ፖሊሲያቸውን ሲያወጡ ወላጅ ማማከር ግዴታቸው ነው፣ እኛ ግን ስብሰባው ላይ አንገኝም፣ ከዚያ በቴሌግራም እሪ እንላለን። ትምህርት ቤቱን ልታነጋግሪ ስትሄጂ ልጅሽን አስተርጓሚ አድርገሽ እንዳትወስጂ ብቻ። ቀኑን ጻፊልኝ፣ የሌሊት ፈረቃ ካልሆንኩ አብሬሽ እገባለሁ።