የመጠጥ ውሃን ከወንጀል ለመጠበቅ የፌዴራል ግዴታ ያስፈልጋልን?

መነሻ ጥያቄ፦ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በማርች 2023 እ.ኤ.አ. ግዛቶች የውሃ ድርጅቶችን ሲመረምሩ የኮምፒውተር ደኅንነታቸውንም አብረው እንዲፈትሹ አዝዞ ነበር። ሚዙሪ፣ አርካንሳስና አዮዋ ከውሃ አቅራቢ ማኅበራት ጋር ሆነው በፍርድ ቤት ስለተቃወሙት ኤጀንሲው በኦክቶበር ትእዛዙን አነሣ። ግዴታው ይመለስ ትላላችሁ?

ተቃዋሚ፦ አይመለስ። ከ50,000 ገደማ የማኅበረሰብ ውሃ አቅራቢዎች አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ በብዙዎቹ ዘንድ ክሎሪኑንም ቧንቧውንም የሚይዙት አንድ ሁለት ሠራተኞች ስለሆኑ፣ የአዲስ ግዴታ ወጪ የሚያርፈው በነዋሪው የውሃ ሒሳብ ላይ ነው። ዘወትር የሚጠቀሰው፣ በፍሎሪዳዋ ኦልድስማር ከተማ የውሃ ጣቢያ ላይ ደረሰ የተባለው የኮምፒውተር ጥቃትም ቢሆን የሠራተኛ ስህተት እንደነበር የቀድሞው የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ በ2023 ተናግረዋል።

ደጋፊ፦ ወንድሜ፣ ስለ ትንንሾቹ ያሉት እውነት ነው፤ ኦልድስማር ግን እኔን ወደ ተቃራኒው ሐሳብ ይወስደኛል። በ2021 በዚያች ከተማ፣ ሳሙና ሠሪዎች ካውስቲክ ሶዳ የሚሉት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በአንድ ሚሊዮን እጅ ውሃ ከ100 እጅ ወደ 11,100 እጅ ከፍ እንዲል በኮምፒውተር ታዘዘ፤ ተረኛው ሠራተኛ አይቶ ወዲያው መለሰው። እጁ የወንጀለኛም ይሁን የተሳሳተ ሠራተኛ፣ ፓምፑ ከተወሰነ መጠን በላይ መርጨት እንዳይችል ተደርጎ ቢሠራ ሁለቱንም ያቆማቸዋል። ሠራተኞቹ ከርቀት የሚገቡት በአንድ የጋራ የይለፍ ቃል ስለነበር፣ ማን ምን እንዳደረገ ለመለየት መቸገር አያስገርምም፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ትእዛዙ ከተነሣ ከወር ከግማሽ በኋላ ደግሞ በፔንሲልቬኒያ አሊኩፓ ሰርጎ ገቦች የአንድ የውሃ ግፊት ማሳደጊያ ጣቢያ መቆጣጠሪያ ያዙ። ሠራተኞቹ ጣቢያውን በእጅ ማንቀሳቀስ ስለቻሉ ጉዳት አልደረሰም። ይህ የአንድ ሰፊ ዘመቻ አካል ነበር፤ በዚያ ዘመቻ የተጠቁት መሣሪያዎች በቀጥታ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኙ፣ የይለፍ ቃላቸውም ከፋብሪካ እንደወጣ «1111» የነበረ ናቸው። ይህን መቀየር የማንን የውሃ ሒሳብ ያንራል?

ተቃዋሚ፦ በይለፍ ቃሉ አልከራከርዎትም። ነገር ግን የግዛት መርማሪዎች የሠለጠኑት ጉድጓድና ታንከር ለማየት ነው፤ የ2018ቱ የፌዴራል ሕግም የውሃ ድርጅቶች የስጋት ግምገማ እንዲያደርጉ አስቀድሞ ያስገድዳል።

ደጋፊ፦ ያ ሕግ የሚመለከተው ከ3,300 ሰው በላይ የሚያገለግሉትን ብቻ ነው፤ እነርሱም ግምገማውን ማድረጋቸውን ያረጋግጣሉ እንጂ ውጤቱን ለኤጀንሲው አያስረክቡም። መርማሪው የኮምፒውተር ባለሙያ እንዲሆን አልጠይቅም። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል እንዳለው፣ ፓምፑ የመጠን ገደብ እንደተበጀለት፣ ጣቢያውን በእጅ ማንቀሳቀስ እንደሚቻል በቦታው ተገኝቶ ይይ፤ አቅም ለሌላቸው መንደሮች የገደቡን ወጪ የፌዴራል መንግሥት ይሸፍን።