ውስጥ እግሩ ጠፍጣፋ የሆነ ሰው የግድ ልዩ ጫማ ያስፈልገዋል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ መምህርት ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ከማስተማሬም በላይ፣ ማታ ከፒያሳ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ይዤ እስከ ለገሃር በእግሬ እወርዳለሁ። ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ ጠዋት ከአልጋ ወርጄ መሬት ስረግጥ ተረከዜን እንደ መርፌ ይወጋኛል፤ ጥቂት ስራመድ ግን ይለቀኛል። አንድ ጫማ ሻጭ እግሬን አይቶ «ጠፍጣፋ ነው፤ ከሥር ደገፍ የሚያደርግ ካልሆነ አይሆንሽም» በማለት የደመወዜን ሲሶ የሚያክል ዋጋ ጠራልኝ። በእርግጥም ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ሲሚንቶው ላይ የሚቀረው ዱካዬ መሃሉ ሳይጎድል ሙሉውን ይታተማል። ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት የምታውቁትን ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፣ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ
እህቴ፣ ዱካው የእግርዎን ቅርጽ እንጂ የሚስማማዎትን ጫማ አይነግርዎትም። ግድግዳ ይዘው በጣቶችዎ ይቁሙና ሌላ ሰው ከጎን ይይልዎ፤ ተረከዝዎ ሲነሳ ውስጥ እግርዎ ጎበጥ ብሎ ከታየ፣ እግርዎ ሲጫኑት ብቻ የሚተኛ ነው፤ ይህ በብዙ ጤነኛ ሰዎች የሚታይና ካላመመ ልዩ ጫማ የማያስፈልገው ነው። ጭራሽ ካልጎበጠ፣ ወይም አንዱ እግር ብቻ በቅርቡ ከተደፋ፣ ከጫማው በፊት የአጥንት ሐኪም ይየው። በአሜሪካ የምድር ጦር፣ የማሪንና የአየር ኃይል ምልምሎች ላይ ተሠርተው እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 የወጡ ጥናቶች፣ በውስጥ እግር ቅርጽ እየተመረጠ የተሰጠ የሩጫ ጫማ ጉዳትን ይህን ያህል እንዳልቀነሰ አሳይተዋል፤ ስለዚህ የሻጩን ቃል እንደ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱት። የጠዋቱ ውጋት ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋው ጅማት ሲቆጣ የሚመጣውን ይመስላል፤ እሱ ደግሞ ውስጥ እግሩ የጎበጠውንም ሰው ይይዛል። ከአልጋ ሳይወርዱ ጣቶችዎን በእጅዎ ወደ ራስዎ ሳብ አድርገው ያቆዩ፤ ቤት ውስጥም በባዶ እግር ሲሚንቶ አይርገጡ። ሳምንታት ቆይቶ ካልተሻለዎ ይታዩ።

መልስ፣ ከጫማ ሰፊ
መርካቶ ጫማ ስሰፋና ስጠግን ዓመታት ስለቆጠርሁ፣ በመጀመሪያ የማየው አሮጌውን ጫማ ነው። አሮጌ ጫማዎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይመልከቱት፤ የብዙ ሰው ታኮ በውጭ በኩል ጥቂት ይበላል፣ የእርስዎ ወደ ውስጥ ጋደል ካለ ግን የተረከዙ ማቀፊያ ጠንካራ የሆነ ጫማ ይሻልዎታል። አዲሱን ሲገዙ ማቀፊያውን በአውራ ጣትዎ ይጫኑት፤ እንደ ካርቶን ከታጠፈ ይተዉት። ጫፍና ጫፉን ይዘው ሲያጥፉትም መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ እንጂ መሃሉ ላይ አይደለም። እግር እየዋለ ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ፣ በሚያደርጉት ካልሲ፣ ሁለቱንም እግር ቆመው ይለኩ፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይትረፍ። የሰልባጅ ጫማ ጥሩ ቆዳ ሊኖረው ይችላል፣ ሆኖም ሶሉ የሌላ ሰው አረጋገጥ ይዞ ስለሚመጣ ለሚያመው እግር አልመክርም።

መልስ
የእኔ ውስጥ እግር በጣም የጎበጠ ነው፤ ለእኔ የጠቀመኝ ለስለስ ያለ ሶልና ከላይ የማይጫነኝ፣ ክሩ የሚላላ ጫማ ነው።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ግድግዳ ይዤ ስቆም እህቴ ከጎን አየችልኝ፤ የሁለቱም እግሬ ውስጥ ጎበጥ ብሏል። ጥቁሩን የሥራ ጫማዬን ግን ስጠመዝዘው እንደ እርጥብ ፎጣ ተጠመዘዘ። ውዱን ጫማ ትቼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ካልሲዬን ይዤ፣ ማቀፊያው ጠንካራ የሆነ ተራ ጫማ ልፈልግ እወጣለሁ።