ክርክር፦ ሰው በፈጣሪ የሚያምነው ወይም የማያምነው መርምሮ ነው ወይስ ባደገበት?

አወያይ፦
ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ሁለት መልሶች ይቀድማሉ። አማኙ «የማያምን ሰው ልቡ ደንድኖ ነው» ይላል፤ የማያምነው ደግሞ «ያመነው ሳያስብበት ነው» ይላል። ሁለቱም ስድብ ናቸው፣ መልስ አልሆኑም። ዛሬ ፈጣሪ አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ ሳይሆን አንዱን ሰው አማኝ፣ ሌላውን የማያምን የሚያደርገው ምን እንደሆነም እንከራከራለን። ጥናት የሚጠቅስ ሰው ምን እንደተለካ አብሮ ይንገረን። «ሳይንስ አረጋግጧል» የምትል ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ከመጣች እሰርዛታለሁ።

ቀለም ቀንድ፦
ልጀምረው። አእምሯችን ቶሎ የሚፈርድና ቆም ብሎ የሚያሰላ ሁለት ዓይነት አሠራር አለው። የታወቀችው መለኪያ ይህች ናት፦ ዱላና ኳስ አንድ ላይ 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም ያወጣሉ፤ ዱላው ኳሱን በ1 ዶላር ይበልጣል፤ ኳሱ ስንት ነው? ብዙ ሰው ወዲያው 10 ሳንቲም ይላል። ኳሱ 10 ከሆነ ግን ዱላው 1 ከ10 ይሆንና ድምሩ 1 ከ20 ይመጣል። መልሱ 5 ነው። ሼንሃቭ፣ ራንድና ግሪን በ2012 ባወጡት ጥናት እንዲህ ባሉ ጥያቄዎች ላይ የመጣላቸውን መልስ ቶሎ የሰጡት ሰዎች በፈጣሪ ያላቸው እምነት ጠንከር ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

የልጆችን ነገር ጨምሩበት። ዲቦራ ኬልመን በ1999 ባሳተመችው ጥናት ሕፃናት ድንጋይ ለምን ሾጣጣ እንደሆነ ሲጠየቁ «እንስሳት ሲያሳክካቸው እንዲታከኩበት» ወደሚል ዓይነት መልስ ያደላሉ። ነገር ሁሉ ለዓላማ ተሠራ ብሎ ማሰብ አብሮን የተወለደ ነው። ስለዚህ እምነት መነሻው ነው፤ አለማመን መነሻውን ማረም ነው።

ስሌት፦
መጨረሻ ላይ ያልከው ላይ ቀስ በል። በዚያው በ2012 ጀርቬስና ኖሬንዛያን «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ነበር። ከሙከራዎቹ በአንዱ 57 ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው ለአንዱ ወገን የሮዳንን «አሳቢው» ሐውልት ፎቶ፣ ለሌላው የዲስከስ ወርዋሪ ሐውልት ፎቶ አሳዩ። ቀጥለው በፈጣሪ ምን ያህል እንደሚያምኑ ከ0 እስከ 100 አስሞሏቸው። አሳቢውን ያዩት ዝቅ ያለ ቁጥር ሞሉ ተባለ። በ2017 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ሙከራ ከ900 በላይ ሰዎች ላይ ደገሙት፤ ልዩነቱ የት እንደገባ ጠፋ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በየወገኑ ያለው ሰው ሠላሳ ገደማ ነው፤ ስለ እምነት ሲጠየቅ ደግሞ መልሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይበተናል። 100 የሚሞሉ አምስት ስድስት ሰዎች ወደ አንዱ ወገን ከደረሱ ሐውልቱ ምንም ሳያደርግ አማካዩ ይንሸራተታል። ጀርቬስ ራሱ በ2018 ከሌሎች ጋር በ13 አገሮች 3,461 ሰዎችን አጥንቶ በማሰላሰልና ባለማመን መካከል ያለው ዝምድና ደካማና ከአገር አገር የሚዋዥቅ እንደሆነ ጻፈ። የራሱን ግኝት በራሱ እጅ ዝቅ የሚያደርግ ተመራማሪ በየቀኑ አይገኝም፤ ይመስገን።

ቀለም ቀንድ፦
ደካማ ማለት የለም ማለት አይደለም እኮ።

ስሌት፦
የለም አላልኩም። የአንድን ሰው እምነት በሒሳብ እንቆቅልሽ መገመት አትችልም ነው የምልህ። የኬልመን ግኝትም ስለ ዓላማ እንጂ ስለ ፈጣሪ አይናገርም። ድንጋዩ ለማከኪያ ተሠራ ከማለት አንድ አምላክ አለ እስከማለት መሃሉ ሰፊ ነው።

ዳር ተመልካች፦
መሃሉን የሚሞላው አስተዳደግ ነው። አስተዳደግ ስል ምክርና ስብከት ማለቴ ግን አይደለም። ጆሴፍ ሄንሪክ በ2009 ያቀረበው መላምት ልጅ ቃልን የሚያምነው ተናጋሪው ሲከፍልበት ካየ ነው ይላል። መናገር ርካሽ ነው፤ ያላመነበትም ሰው ይናገረዋል። እንቅልፍን ቆርጦ መጸለይ፣ መጾም፣ ከራስ ጉሮሮ ነጥቆ መመጽወት፣ ጥቅምን ለእምነት ሲሉ መተው ግን ያላመነበት ሰው ዝም ብሎ የሚያደርጋቸው አይደሉም። ልጅ እነዚህን ያያል።

ይህ በመጠይቅ ይለካል። ያሳደጉህ ሰዎች ምን ያህል ወደ ጸሎት ቤት ይሄዱ ነበር? ለእምነታቸው ሲሉ መሥዋዕትነት ይከፍሉ ነበር ወይ? እምነታቸው ስላዘዛቸው ለሰው ፍትሐዊ ነበሩ ወይ? ጀርቬስና ሁለት ባልደረቦቹ በ2021 ባሳተሙት የአሜሪካ ጥናት ይህንን ከሌሎች መላምቶች ጋር አወዳደሩት፤ ከማሰላሰል ልማድ፣ ከኑሮ ዋስትና፣ የሌላውን ሐሳብ ከመረዳት ችሎታ ጋር ማለት ነው። አለማመንን ከሁሉ አጥብቆ የተነበየው በልጅነት እንዲህ ያለ ተግባር አለማየት ነው።

ሙግተኛው፦
ልጄ፣ ይህ ለእኛ ለአማኞች ከማንኛውም የክህደት መጽሐፍ የከፋ ወቀሳ ነው። ልጆቻችን አለማመንን ከእኛው ይማራሉ ማለትሽ ነው።

ዳር ተመልካች፦
ጋሼ፣ አፍ አውጥቼ አላልኩትም እንጂ እንደዚያው ነው።

ስሌት፦
እኔም ብወደው አንድ ጉድለቱን ልንገራችሁ። መጠይቁን የሚሞላው አዋቂው ነው፤ ልጅነቱን አስታውሶ። እምነቱን የተወ ሰው ያሳደጉትን ሰዎች «እንዳሉት አይኖሩም ነበር» ብሎ ለማስታወስ ይቀናዋል፤ ያመነውም በተቃራኒው። መንስኤውና ውጤቱ ሊገለባበጥ ይችላል ማለት ነው። በዚያ ላይ ወላጅ ለልጁ ተግባሩን ብቻ ሳይሆን ዘረ መሉንም ያወርሳል፤ መንትዮች ላይ በተሠሩ ጥናቶች ሰው ከወላጅ ቤት ሲወጣ የቤቱ ተጽዕኖ ይቀንሳል፣ የውርስ ድርሻው ይጨምራል።

አንድ ጥያቄ፦
የኑሮ ዋስትናስ? ሆስፒታሉ፣ ጡረታው፣ ኢንሹራንሱ ሲሟላ ሰው ፈጣሪን ይረሳል ይባላል።

ዳር ተመልካች፦
የኖሪስና የኢንግልሃርት መላምት ነው፤ በ2004 በሰፊው ያቀረቡት። በአጭር ጊዜ የሚደግፈው አለ፦ በየካቲት 22 ቀን 2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ 185 ሰው ሞተ። ከዚያ በፊት ጀምሮ እየተካሄደ የነበረ አገር አቀፍ የዳሰሳ ጥናት ስለነበረ ያንኑ ሰው በፊትና በኋላ ማወዳደር ተችሏል። በሌላው አካባቢ ሃይማኖተኛነት ሲቀንስ አደጋው በነካቸው ሰዎች ዘንድ ጨመረ። ነገር ግን ሁሉንም አያስረዳም። በ2008ቱ ዓለም አቀፍ ጥናት በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን በፈጣሪ አላምንም ያለው 52 ከመቶ ገደማ ነው፤ በፖላንድ ጥቂት ከመቶ ብቻ። ሁለቱም በኮሚኒስት አገዛዝ ሥር ዐሥርት ዓመታት አሳልፈዋል። ልዩነቱ በፖላንድ ቤተ ክርስቲያኗ የአገዛዙ ተቃዋሚና የብሔራዊ ማንነት መጠጊያ መሆኗ ነው፤ ማመን ዋጋ የሚያስከፍል ተግባር ሆኖ በይፋ ይታይ ነበር። ወደ ቅድሙ ነጥቤ ይመልሰናል።

ሙግተኛው፦
እስካሁን የተባለውን ሁሉ ልቀበል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ሥሩ ላይ ግን አልደረስንም። አንድ ሰው እንዴት እንዳመነ መንገር ያመነው ነገር ውሸት መሆኑን አያሳይም። ፈላስፋውና የሥነ ልቦና ምሁሩ ዊሊያም ጄምስ ከመቶ ዓመት በፊት ይህንኑ ተናግሯል፤ የሐሳብ ሥር አካል ውስጥ ተገኘ ተብሎ ሐሳቡ ከንቱ አይሆንም፣ እንዲያ ከሆነ የከሐዲውም ሐሳብ ሥሩ አካሉ ውስጥ ነው።

እውነተኛው ሙግት ሌላ ቦታ ነው። «ሁሉ ነገር ምክንያት ካለው ፈጣሪን ማን ፈጠረው?» የሚለው መልስ አንድም ቁም ነገረኛ አሳቢ ያላቀረበውን ሙግት ነው የሚመታው። በ1037 ያረፈው ፈላስፋ ኢብን ሲና ያለው እንዲህ ነው። ያለ ነገር ወይ ላይኖር ይችል የነበረ ነው፣ ወይ አለመኖር የማይችል ነው። ላይኖር ይችል የነበረው ነገር ለመኖሩ ከራሱ ውጭ ምክንያት ይሻል። እንዲህ ያሉትን ነገሮች ሁሉ፣ ቁጥራቸው መጨረሻ ባይኖረው እንኳ፣ በአንድ ላይ ብንደምራቸው ድምሩም ላይኖር ይችል የነበረ ነው። የድምሩ ምክንያት ከድምሩ ውጭ መሆን አለበት፤ ከድምሩ ውጭ የቀረው ደግሞ አለመኖር የማይችለው ብቻ ነው። ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ዓለም መጀመሪያ አላት የሚል ቃል የለም። ስለዚህ ስለ ታላቁ ፍንዳታ፣ ስለ ዓለም አጀማመር ስለሚናገረው የሳይንስ መላምት፣ መጨቃጨቅ አያስፈልግም። የፍንዳታው መላምት አባት ጆርጅ ለሜትር ራሱ ካህን ሆኖ ሳለ መላምቱ የሃይማኖት ማስረጃ መደረጉን አልወደደም።

ጠርጣራ፦
ጋሼ ሙግተኛው፣ ሙግቱን በትክክል ስላስቀመጡት አመሰግናለሁ፤ ብዙዎቹ የእርስዎ ወገኖች ያበላሹታል። ሁለት ቦታ ግን ይላላል። አንደኛው ድምሩ ላይ ነው፤ ፈላስፋው ሂዩም እንዳመለከተው የእያንዳንዱ ነገር ምክንያት ከተነገረ ለድምሩ ሌላ ምክንያት መጠየቅ ትርፍ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የከፋ ነው፦ «አለመኖር የማይችል ነገር» ከሚለው «የሚሰማ፣ የሚምር፣ የሚፈርድ» ወደሚለው የሚያሻግር ድልድይ በአራቱ ደረጃዎች ውስጥ የለም።

የእምነት መንስኤ ከእውነትነቱ ጋር አይገናኝም ያሉትንም በከፊል ብቻ ነው የምቀበለው። ጀስቲን ባሬት በ2000 የጻፈው ነገር አለ፦ አእምሯችን ከድርጊት ጀርባ አድራጊ ለመፈለግ ይቸኩላል። ሣሩ ሲንሿሿ አውሬ ነው ብሎ የሸሸ ቢሳሳት ትንሽ ሩጫ ይከስራል፤ ነፋስ ነው ብሎ የቆመ ቢሳሳት ሕይወቱን። ስለዚህ ይህ የአእምሯችን ማሽን የሌለውንም እንዲያይ ሆኖ ተሠራ። ጥያቄዬ፣ ፈጣሪ ባይኖር ኖሮ ይህ ማሽን ሌላ ውጤት ይሰጥ ነበር ወይ? ያንኑ ውጤት የሚሰጥ ከሆነ ውጤቱ ማስረጃ አይሆንም። ሐሰት ነው አላልኩም፤ ብቻውን አይመሰክርም ነው ያልኩት።

ሙግተኛው፦
ቢላዋው በሁለት ወገን ይቆርጣል። ልጄ ዳር ተመልካች እንዳለችው አለማመን የሚመጣው ተግባር ካለማየት ከሆነ፣ ያ ሰው ፈጣሪ ቢኖርም ባይኖርም አያምንም ነበር። የእሱም አለማመን አይመሰክርም። ባሬት ደግሞ ራሱ አማኝ ክርስቲያን ነው፤ ማሽኑን ፈጣሪ ሊሠራው እንደሚችል ይቀበላል።

ጠርጣራ፦
እዚያ ላይ ተስማምተናል፤ ሁለቱንም ወደ ጎን እናድርግና በማስረጃው እንከራከር። እኔን የሚከብደኝ ክፋት ነው። እዚህ ላይ ሰው ሁልጊዜ ሁለት ሙግቶችን ያምታታል። ፈላስፋው ማኪ በ1955 ያቀረበው «ሁሉን ቻይና ሁሉ በጎ አምላክ ከክፋት ጋር በአመክንዮ አብረው አይኖሩም» የሚል ነው። ሌላው ፈላስፋ ፕላንቲንጋ በነጻ ፈቃድ መልሶለታል፦ ነጻ ፍጡራን ያሉበትን ዓለም ፈጥሮ አንዳቸውም እንዳይበድሉ ማስገደድ እርስ በርሱ ይጋጫል። ይህ መልስ ለዚያ ሙግት ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ግን በ1979 ዊሊያም ሮው ያመጣው ሌላ ነው። ራቅ ባለ ጫካ መብረቅ እሳት ያስነሣል፤ አንዲት የአጋዘን ግልገል ተቃጥላ ቀናት ሙሉ ስትሰቃይ ቆይታ ትሞታለች። ያየ የለም፣ የተማረበት የለም፣ የማንም ነጻ ፈቃድ አልገባበትም። ሮው የሚለው «አይቻልም» ሳይሆን «አይመስልም» ነው። ለዚህ ነጻ ፈቃድን ማምጣት ለሌላ በሽታ የታዘዘ መድኃኒት ነው።

ሙግተኛው፦
የሚመለሰው ሌላ ነው። ምክንያቱ አልታየኝም ከማለት ምክንያት የለም ወደማለት የሚያሻግረው ምክንያቱ ቢኖር ኖሮ ይታየኝ ነበር ሲባል ብቻ ነው። የፈጣሪ ዕውቀት ከእኛ የሚበልጥ ከሆነ ይህን ማለት አንችልም። ኢዮብም ከዐውሎ ነፋሱ ውስጥ የተሰጠው መልስ ይኸው ነበር፤ ማብራሪያ አልተሰጠውም፣ «ምድርን ስመሠርት ወዴት ነበርህ?» ነው የተባለው።

ጠርጣራ፦
ዋጋው ግን ከባድ ነው ጋሼ። እንዲህ ከሆነ ማንኛውም ክፋት፣ የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ በፈጣሪ በጎነት ላይ ምስክር መሆን አይችልም። በጎ ሥራውንም ያኔ እንዴት በጎ ነው ብለን እናውቃለን?

አንድ ጥያቄ፦
የምትናገሩት ሁሉ በሐሳብ ነው። ጸሎት ይሠራል አይሠራም ብሎ መለካት አይቻልም?

ስሌት፦
ተሞክሯል። በ2006 በአሜሪካ በታተመ ጥናት የልብ ደም ሥር ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው 1,802 ሕሙማን በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። ሁለቱ ቡድኖች ሊጸለይላችሁም ላይጸለይላችሁም ይችላል ተባሉ፤ ለአንደኛው ተጸለየ፣ ለሌላው አልተጸለየም። ሦስተኛው በእርግጥ ይጸለይላችኋል ተባለ፤ ተጸለየለትም። የተጓዳኝ ችግር መጠን በመጀመሪያው 52 ከመቶ፣ በሁለተኛው 51 ከመቶ፣ በሦስተኛው 59 ከመቶ ሆነ። ሦስተኛው ለምን እንደከፋ አጥኚዎቹም እርግጠኛ አይደሉም፤ «ይህን ያህል ታምሜያለሁ እንዴ?» የሚል ጭንቀት ይሆናል ያሉ አሉ። የማይቀር ጉድለት አለው፦ ሁለተኛው ቡድን ቤተሰቡ እንዳይጸልይለት መከልከል አይቻልም።

ሙግተኛው፦
ፈጣሪም በሙከራ ሰነድ ላይ ፈርሞ የገባ ተሳታፊ አይደለም።

ቀለም ቀንድ፦
ይህ መልስ ውጤቱ 59 ሳይሆን 30 ቢሆን ኖሮ ይነገር ነበር ወይ?

አወያይ፦
ይቺ ጥያቄ ለሁሉም ወገን ትቀመጥ። ከመዝጋታችን በፊት፣ የማያምኑ ሰዎች ቁጥር በእርግጥ ይታወቃል ወይ የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደርሶኛል።

ስሌት፦
በቀጥታ ከተጠየቀ ሰው ያፍራል ወይም ይፈራል። መፍትሔው የዝርዝር ዘዴ ነው። ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ትከፍላለህ። ለአንዱ ወገን «መኪና አለኝ»ን የመሰሉ ተራ ዓረፍተ ነገሮች ትሰጣለህ፤ ለሌላው እነዚያኑ ከነ«በፈጣሪ አላምንም»። እያንዳንዱ የትኞቹ ልክ እንደሆኑ ሳይሆን ስንቱ ልክ እንደሆኑ ብቻ ይናገራል። የሁለቱ አማካይ ልዩነት የማያምኑት ድርሻ ነው፤ የግለሰቡ ምስጢር አይነካም። ዝርዝሩ አጭርና ሁሉም የሚስማማበት ከሆነ ግን ምስጢሩ ይገለጣል፤ ሁሉንም የቆጠረ ሰው ራሱን አጋልጧል። በጣም ከረዘመ ደግሞ ሰው መቁጠር ይሰለቸውና ስሕተቱ ይበዛል። ጀርቬስና ናጅሌ በ2018 በዚህ ዘዴ በአሜሪካ የማያምነውን 26 ከመቶ ገደማ ገመቱት፤ በቀጥታ ሲጠየቅ ከ3 እስከ 11 ከመቶ ነበር የሚወጣው።

ጠርጣራ፦
በሌላ አነጋገር ከእኛ ብዙዎቹ ተደብቀዋል።

ስሌት፦
አትቸኩል። ዘዴውን ለመፈተን ግልጽ የሆነ የሒሳብ ሐሰት፣ 2 ሲደመር 2 ከ13 አያንስም የሚል ዓይነት ነገር፣ ተጨምሮበት ነበር። ዘዴው ንጹሕ ቢሆን ዜሮ አጠገብ መውጣት ነበረበት፤ ከዜሮ በጣም የራቀ ቁጥር ወጣ። ሳያነቡ የሚሞሉ፣ ዓረፍተ ነገሩ አሉታዊ ስለሆነ የሚምታታባቸው አሉ። 26ቱ ውስጥ ስንቱ ከሐዲ፣ ስንቱ ቸኳይ አንባቢ እንደሆነ ለመለየት ዝርዝሩን በአዎንታዊ ዓረፍተ ነገር ጽፎ መድገም ያስፈልጋል።