አስቸኳይ፦ እናቴ ጨጓራዋ ተነሥቶባት ሰገራዋ ጠቁሯል

ጠያቂ፦ እናቴ የቆየ የጨጓራ ሕመም አለባት። ከትናንት ማታ ጀምሮ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ እየተጣበቀ ይወጣል፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከአልጋ ስትነሣ አዞራት። ያለነው ጅማ፣ ቆጪ ነው። ከቡና በቀር ሌላ ምክንያት ስላልታየኝ፣ ቡናውን አስቁሜ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን መድኃኒቷን፣ ኦሜፕራዞሏን፣ እጥፍ ባደርገው ይበቃ ይሆን? እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ።

ቡና ወዳድ፦ ጅማ ተቀምጠህ እናትህን ቡና ልታስቆም? አስቀድመህ ጎረቤቶቻቸውን አስፈቅድ።

የፈረንጅ አራዳው፦ የተፈጨ ተልባ በውኃ በጥብጠህ በባዶ ሆድ ስጣቸው፤ የእኔን ጨጓራ ያስታገሠው እርሱ ነው።

መምህሩ፦ ቡናን መወንጀል ተገቢ አይደለም። የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከቅመም ይመጣል ሲባል ቢኖርም፣ አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ዋና መንስኤ መሆኑን በማሳየታቸው በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፤ ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታሟል። ስለዚህ ፀረ ባክቴሪያ ከታዘዘላቸው ሕመሙ ቢተዋቸውም ሳያቋርጡ መጨረስ አለባቸው።

ነርሷ፦ መምህር፣ ትምህርቱ ትክክል ቢሆንም ዛሬ የሚያስፈልገው እርሱ አይደለም። ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ጥቁር ሰገራ ከማዞር ጋር ሲመጣ ቁስለቱ እየደማ ሊሆን ስለሚችል፣ ኦሜፕራዞል እጥፍ በማድረግ ጊዜ ሳታባክን አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው። ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራን ማየት) ሊታዘዝላቸው ስለሚችል ምግብም መጠጥም አትስጣቸው። ለመሆኑ ለሕመም ማስታገሻ የሚወስዱት ነገር አለ?

ተጠራጣሪው፦ የብረት እንክብልም ሰገራን ያጠቁራል፤ ደም መሆኑን በምን አወቃችሁ?

ነርሷ፦ ያጠቁራል፤ ነገር ግን ሰው አዙሮት ሳለ ቤት ተቀምጦ የሚጣራ ጉዳይ አይደለም።

የፈረንጅ አራዳው፦ ተልባውን ግን ሞክሩት።

ጠያቂ፦ የብረት እንክብል አትወስድም። ለጉልበቷ ዳይክሎፌናክ ትውጣለች፤ የጉልበት ስለሆነ ከጨጓራ ጋር አላያያዝኩትም። ባጃጅ ጠርቻለሁ።

ነርሷ፦ ዳይክሎፌናክ የጨጓራን መከላከያ ሽፋን ስለሚያዳክም ቁስለት ያመጣል፤ የነበረውንም ያደማል። ከእንግዲህ አትስጣቸው፤ ፓኬቱን ይዘህ ለሐኪሙ አሳየው። ደም ሊያስፈልግ ስለሚችል መስጠት የሚችል ዘመድ አብሯችሁ ይሂድ። ተልባ ደም አያቆምም።

ተጠራጣሪው፦ እኔም ኦሜፕራዞል ላይ ነኝ፤ የባክቴሪያውን የሰገራ ምርመራ ነገ ላድርገው?

ነርሷ፦ ኦሜፕራዞል ውጤቱን በሐሰት ነጻ ሊያስመስለው ስለሚችል፣ ከምርመራው በፊት ኦሜፕራዞል ሳትወስድ ለ2 ሳምንት፣ ፀረ ባክቴሪያ ወስደህ ከነበረም ከጨረስክ በኋላ ለ4 ሳምንት መቆየት ይኖርብሃል፤ መድኃኒቱን ለማቆም ግን መጀመሪያ ሐኪምህን አማክር።