ኮራ መስጊድ ሲሆን ሥዕሎቹ እንዴት ተረፉ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኢስታንቡል ስላለው የኮራ ቤተ ክርስቲያን እያነበብኩ ነው፤ ቱርኮቹ ካሪዬ የሚሉት። አንድ ነገር አልገባ አለኝ። መስጊድ ሆኖ ከ400 ዓመት በላይ ተሰግዶበታል። ታዲያ ያ ሁሉ የቅዱሳን ሥዕል እንዴት ሳይፈርስ ቆየ? አሁንስ ገብቶ ማየት ይቻላል?

የታሪክ ወዳጅ፦
እህቴ፣ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1453 በኦቶማን ቱርኮች ስትያዝ ወዲያው መስጊድ አልሆነም። ግን ከከተማዋ ቅጥር አጠገብ ስለሆነ ወታደሮቹ ሲገቡ ዘርፈውታል፤ በከበባው ጊዜ እዚያ የተቀመጠችውን ስመ ጥር የእመቤታችን ሥዕልም ሰባብረው ተካፍለዋታል። መስጊድ ያደረገው የሱልጣን ዳግማዊ ባያዚድ ታላቅ ቪዚር (እንደ ጠቅላይ ሚኒስትር ያለ) አቲክ አሊ ፓሻ ነው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ። በደወል ቤቱ ቦታ ሚናራ ቆመ፣ ውስጥ ሚህራብ (የመካን አቅጣጫ የሚያሳይ የግድግዳ ጎድጓዳ) ተሠራ። ሥዕሎቹን ነቅሎ ከመጣል ይልቅ በኖራና በልስን ሸፈኗቸው። የተረፉት በዚህ ነው።

ሰዓሊው፦
ልክ ነው፣ ግን ሁሉም ተረፈ እንዳይመስልሽ። በዋናው መስገጃ ክፍል የቀሩት ሞዛይኮች (በባለቀለም ጠጠር የተሠሩ ሥዕሎች) ሦስት ብቻ ናቸው። ሀብቱ ያለው በመግቢያዎቹ ሁለት አዳራሾችና በጎን ባለው ጸሎት ቤት ነው። ያሠራቸው ቴዎዶር ሜቶኪቴስ የሚባል የቢዛንታይን ባለሥልጣን ሲሆን ሥራው እ.ኤ.አ. በ1321 ገደማ አለቀ። ሰውየው በኋላ ከሥልጣን ወርዶ ተሰደደ፣ ሲመለስ እዚያው መንኩሶ በ1332 ሞተ። ከውስጠኛው በር በላይ ትልቅ ጥምጥም አድርጎ፣ ተንበርክኮ ቤተ ክርስቲያኑን ለክርስቶስ ሲያቀርብ ታዪዋለሽ። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው በጸሎት ቤቱ ያለው የትንሣኤ ሥዕል ነው፤ ክርስቶስ አዳምንና ሔዋንን አንጓቸውን ይዞ ከመቃብር ሲጎትታቸው፣ ጉልበቱ ራሱ ይሰማሻል። እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ በዚያ ዘመን ሥዕል ብዙም አይገኝም።

ሌላ መላሽ፦
ስለ አሁኑ ልመልስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1945 ሙዚየም ተደረገ፤ አሜሪካውያን ባለሙያዎች ለዓመታት ልስኑን አንስተው ሥዕሎቹን አጽድተው በ1958 ለሕዝብ ተከፈተ። በ2020 ወደ መስጊድነት እንዲመለስ ተወሰነ፣ ከእድሳት በኋላ በግንቦት 2024 ሶላት ተጀመረ። እኔ ውሳኔው አልተዋጠልኝም። ቢሆንም ማየት ይቻላል። በመስገጃው ክፍል ያሉት ሥዕሎች በሶላት ሰዓት በመጋረጃ ይሸፈናሉ፣ የአዳራሾቹና የጸሎት ቤቱ ግን ክፍት ናቸው። ስለዚህ የሶላት ሰዓት አይተሽ ሂጂ፣ ሻሽም ያዢ።