ሚዛኑ ጣጣ አመጣብኝ፤ ታዳጊ የምታሰለጥኑ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ባህር ዳር ከ13 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው 22 ልጆችን በትርፍ ጊዜዬ ኳስ አሰለጥናለሁ። ጠዋት ጣና ዳር እንሮጣለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የቤዛዊትን ኮረብታ እንወጣለን።

በቅርቡ አንድ ወዳጄ የሰውነት ስብ በመቶኛ የሚያሳይ ሚዛን ሰጠኝ። እሰይ ብዬ ነበር። አንዱን ልጅ ከልምምድ በፊት ስመዝነው 14 አለ፤ በላብ ተጠምቆ ሲመለስ 11። በሰዓት ተኩል ስቡ የት ገባ? ሳጣራ መሣሪያው በእግር በኩል ደካማ ኤሌክትሪክ አሳልፎ የሚገምት ነው ለካ፤ ውሃ ሲጠጣም ሲያልበውም ቁጥሩ ይዋልላል። ክብደትን ለቁመት ስኩዌር አካፍዬም ሞከርኩ፤ ለአዋቂ ከዚህ በታች ከሆነ ቀጭን ነው ተብሎ የተቀመጠው 18.5 ግን ለልጅ አይሆንም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የ2007 ሰንጠረዥ በዕድሜና በጾታ ነው የሚያየው።

ይሄ ሁሉ ቀላሉ ነው። የጨነቀኝ አንዷ የ15 ዓመት ተከላካዬ ናት። ቁጥሯን ከጓደኞቿ ጋር ካስተያየች ወዲህ ምሳ ዕቃዋን እንደተዘጋ ይዛው ትመለሳለች። «ጾም ነው ጋሼ» ትለኛለች፤ ሽሮውን እኮ ነው ያልነካችው! በዚህ ዕድሜ ሴት ልጅ ስብ መጨመሯ የዕድገት ነገር እንደሆነ ቀድሜ አለመናገሬ የኔ ጥፋት ነው። አሁን ሁለተኛው ዙር ሩጫ ላይ እግሯ ይከብዳታል።

ሚዛኑን ደብቄዋለሁ። የ20 ሜትር የምልልስ ሩጫ ብቻ ብመዘግብ ይበቃል? ደግሞ ለእናቷ እንዴት ልንገራት? ልጅቷ አሳጣኸኝ ብላ ቡድኑን እንዳትተው ፈራሁ።