ዊንዶውስ ላይ የሚወድቀውን ቴስት ስኪፕ እናድርገው ወይስ አናድርገው?

ሄኖክ፦ በጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ በሚይዘው ፕሮግራም) ላይ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ አለን። ቴስቱ (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸው) ሊኑክስ ላይ ሁሉም ያልፋል፣ ዊንዶውስ ላይ ግን ፓዝ (የፋይል አድራሻ) የነካ ሁሉ ይወድቃል። እኔ የምለው "ዊንዶውስ ከሆነ እለፈው" የምትል አንድ መስመር ጨምረን እንገላገል። ሰርቨራችን እንደሆነ ሊኑክስ ነው፣ ማን ይጎዳል?

ማህሌት፦ ተጠቃሚው ነዋ! የ2014ቱን የጊት የደህንነት ቀዳዳ አስታውስ። ጊት የራሱን ፎልደር ስም ሪፖ (የፕሮጀክቱ ማከማቻ) ውስጥ እንዳታስገባ የሚከለክልህ በትንንሽ ፊደል ከተጻፈ ብቻ ነበር። አንዱ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ቢያስገባው ሊኑክስ ሌላ ፎልደር ነው ብሎ ያልፈዋል፣ ዊንዶውስና ማክ ግን ያው ነው ብለው እውነተኛው ኮንፊግ (የጊት ቅንብር ፋይል) ላይ ይጽፉበታል፣ ከዚያ የማታውቀው ሰው ኮድ አንተ ማሽን ላይ ይሮጣል። ሊኑክስ ላይ ብቻ ቴስት የሚያደርግ ይህን በምን ያየዋል?

አቤል፦ ማሂ ልክ ነሽ፣ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቴስቱ የራሱ ነው። ሄኖክ፣ ከወደቁት አንዱን ለጥፈው እስቲ።

ሄኖክ፦ "/ዳታ" ብዬ እልካለሁ፣ ፕሮግራሙ ጋ ሲደርስ "ሲ:/ፕሮግራም ፋይልስ/ጊት/ዳታ" ሆኖ ቁጭ። ማን እንደቀየረው እንጃ።

አቤል፦ ጊት ባሽ ነዋ፣ ዊንዶውስ ላይ ትዕዛዝ የምትጽፍበት። ከሥሩ ያለው ኤምሲስ በስላሽ የሚጀምር ነገር ሲያይ የዩኒክስ አድራሻ ይመስለውና ለዊንዶውስ ፕሮግራም ሲያቀብል ይቀይረዋል። ለዚያች ትዕዛዝ ብቻ የፓዝ ቅየራውን አጥፋው። ኮድህ ምንም አልሆነም።

ብሩክ፦ ይህ ሁሉ ጊዜ ለተረፈው ሰው ነው። ማክ ላይ የቴምፕ (የጊዜያዊ ፋይሎች) ፎልደሩ ሲምሊንክ፣ ማለትም ወደ ሌላ ፎልደር የሚጠቁም አቋራጭ ነው፣ ሁለት አድራሻ እንደ ጽሑፍ ካወዳደርክ ይወድቃል። ዊንዶውስ ካልቀየርከው ሙሉ አድራሻውን 260 ፊደል ላይ ይገታዋል። እያንዳንዱን ሳሳድድ ልክረም እንዴ? ደሞዝ የሚከፈለኝ ለፊቸር ነው።

ማህሌት፦ ብሩኬ፣ ስኪፕ የሚባል አይኑር አላልኩም። የኦኤስ (የዊንዶውስ፣ የሊኑክስ) ስም እያዩ መዝለል ነው የማይዋጥልኝ። ማክም ትልቅና ትንሽ ፊደል እንዲለይ ተደርጎ ፎርማት ሊደረግ ይችላል። የጊት የራሱ ቴስት ዲስኩን ነው የሚጠይቀው፦ ካሜልኬዝ የሚል ፋይል ፈጥሮ "ጉድ" ይጽፋል፣ ያንኑ ስም በትንንሽ ፊደል ብቻ አድርጎ "ባድ" ይጽፋል፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ያነበዋል። "ጉድ" ካላገኘ ፋይል ሲስተሙ (ዲስኩ ላይ ፋይል የሚቀመጥበት ሥርዓት) ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፣ አለቀ። ቴስት የሚሮጥበት ፎልደር ስም ላይም ሆን ብለው ክፍት ቦታ ከተውበታል፣ አድራሻውን በኮቴሽን (በጥቅስ ምልክት) መክበብ የረሳ ወዲያው እንዲጋለጥ። ይሄ ስንት መስመር ይፈጃል?

ሳምሪ፦ የእኛን ፊደልስ የሚሞክር አለ? "ሰነድ" የሚል ፋይል ሠርቼ ጊት ስታተስ (የተለወጡ ፋይሎችን የሚዘረዝረው ትዕዛዝ) ስለው \341\210\260 እያለ ቁጥር ይደረድርልኛል፣ ቴስቴም ስሙን አጣሁት ይላል። ያውም ሊኑክስ ላይ!

አቤል፦ ሳምሪ፣ ኮትፓዝ የሚለውን የጊት ቅንብር ፎልስ አድርጊው። ለነገሩ አንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ሥርዓት) ሦስት ባይት ነው። የተለመደው የሊኑክስ ዲስክ ለአንድ ፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው፣ ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ያበቃል። የዊንዶውሱ ፋይል ሲስተም ኤንቲኤፍኤስ ግን ባይት አይቆጥርም፣ 255 ፊደል ይይዝልሻል።

ሄኖክ፦ ቆይ፣ 90 ፊደል ያለው የአማርኛ ስም ቴስቱ ውስጥ ባስገባ የሚወድቀው ሊኑክስ ነው?

አቤል፦ አዎ።

ብሩክ፦ እንግዲያው "ሊኑክስ ከሆነ እለፈው" የምትለዋን መስመር ማን ይጽፋታል?

ማህሌት፦ አንተ። ግን የስሙን ርዝመት ዲስኩን ጠይቀህ።